ሳይጻፍ የኖረ ብስኩት

የዚህ እትም የታሪክ ዓምዳችን ስለ ንጉሥ ወይም ስለ ጦር ሜዳ አያወራም። የሚያወራው ስለ ብስኩት ነው። “ብስኩት ደግሞ ምን ታሪክ አለው?” የሚል አይጠፋም፤ እኛም መጀመሪያ ላይ እንደዚያ ብለን ነበር። እስቲ ትንሽ ታገሱንና አብራችሁን ዝለቁ።

ነገሩ የመጣው በደብዳቤ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚሁ ካምፕ ስምንተኛ ክፍል ያስተማርናት አንዲት ልጅ በሪሴትልመንት አሜሪካ፣ ጆርጂያ በሚባለው ግዛት ገብታለች። እንደጻፈችልን ከሆነ፣ በገባች በመጀመሪያው ወር አንዲት በዕድሜ የገፉ ጥቁር አሜሪካዊት ጎረቤቷ በር አንኳኩተው በጨርቅ የተሸፈነ ሳህን ሰጧት። ሳህኑ ላይ ክብ፣ ወፈር ያለ፣ ዳር ዳሩ ቡናማ፣ መሃሉ ነጣ ያለ ነገር አለ። እንደ ዳቦ አይደለም፤ እንደ ሱቅ ብስኩትም ቀጭ አይልም። ጣፋጭነቱም መጠነኛ ነው። ሴትየዋ “ቲ ኬክ ይባላል” አሏት። ልጅቷ አሠራሩን ጻፉልኝ ብትላቸው፣ “በወረቀት የለኝም፤ ቅዳሜ መጥተሽ እጄን እዪ” ብለው መለሱላት።

ቅዳሜ ሄደች። ሴትየዋ ዱቄቱን በእፍኝ፣ ስኳሩን በዓይን እየለኩ ሠሩ። ሊጡን በጣታቸው እየነኩ “አሁን ደረሰ” አሉ። ከዚያ ብስኩቱ እስኪበስል ተቀምጠው ሳለ፣ “ያንቺስ እናት ምን ይሠሩ ነበር?” ብለው ጠየቋት። ዳቦ ቆሎ አለቻቸው። “እንዴት ነው የሚሠራው?” ሲሏት አፏ ተያዘ። እናቷ የሞተችው እሷ ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላት ነው። ሽታውን ታስታውሳለች፤ ከምጣዱ ላይ ሰርቃ ስትቀምስ እጇን እንዳቃጠላት ታስታውሳለች። አሠራሩን ግን አታውቀውም።

በደብዳቤዋ ሁለት ነገር ለመነችን። አንደኛ፣ ሴትየዋ “የአያቴ አያት በባርነት ዘመን ትሠራው ነበር” ስላሏት የዚህን ብስኩት ታሪክ አጣርተን እንድንነግራት። ሁለተኛ፣ እዚሁ ካምፕ የቀሩትን አክስቷን ፈልገን የዳቦ ቆሎውን አሠራር እንድንጠይቅላት። ሁለተኛውን ኋላ እንመለስበታለን። አሁን ወደ አንደኛው እንሂድ። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልን።)

ቲ ኬክ ቃል በቃል የሻይ ኬክ ማለት ነው። ስሙን ወደ አሜሪካ ያመጡት እንግሊዞች ናቸው። በእንግሊዝ አገር ዛሬም ቲ ኬክ የሚባል አለ፤ እሱ ግን በእርሾ የሚነፋ፣ ዘቢብ የገባበት ለስላሳ ዳቦ ነው። በአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች፣ በቨርጂኒያ፣ በካሮላይናዎቹ፣ በጆርጂያ፣ በአላባማ፣ ስሙ ቀረና ነገሩ ተለወጠ። ዱቄት፣ ስኳር፣ ቅቤ ወይም የአሳማ ስብ፣ እንቁላል፣ ጥቂት አሬራ፣ ከተገኘም ገውዝ፤ ይሄው ነው። ይህን ሊጥ ያቦኩትና የጋገሩት እጆች ደግሞ በአብዛኛው በባርነት የተያዙ አፍሪካውያንና የልጅ ልጆቻቸው እጆች ነበሩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናርም። አንዳንድ ሰው ቲ ኬክን “በባርነት የነበሩ ሰዎች የየዕለት ምግብ” አድርጎ ያወራዋል። አልነበረም። የየዕለቱ ምግብ ራሽን ነበር። አዎ፣ ራሽን! እኛ ቃሉን ከማንም ይልቅ እናውቀዋለን። ፍሬደሪክ ዳግላስ በሜሪላንድ በባርነት ተወልዶ በ1838 ያመለጠና ኋላ ታላቅ ተናጋሪና ጸሐፊ የሆነ ሰው ነው። በ1845 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ለአዋቂ ሠራተኛ የሚሰፈረውን ቀለብ መዝግቧል፤ በወር 8 ፓውንድ (3.6 ኪሎ ገደማ) የአሳማ ሥጋ ወይም በዚያው ልክ ዓሣ፣ እና 35 ሊትር ያህል በሚይዝ መስፈሪያ አንድ የበቆሎ ዱቄት። የስንዴ ዱቄት የለበትም። ስኳርም የለበትም። ፉርኖ ዱቄትና ነጭ ስኳር የጌታው ቤት ዕቃ ነበሩ። እመቤቲቱ ቁልፉን በወገቧ ይዛ ትሰፍር ነበር። ሠራተኞቹ ነጭ ዱቄት የሚያገኙት ለገና፣ ለሰርግ ወይም ለአንዳንድ እሑድ ነው። ስለዚህ ቲ ኬክ በእነሱ ቤት የበዓል ነገር ነበር፤ ስኳር ሲታጣም በሞላሰስ ይሠራ ነበር። በዓል ስለነበረም ይመስለናል ልጆቹ እስከ እርጅናቸው ያልረሱት።

ስለ ዳግላስ ከተነሳ፣ መምህራን የምትወዱት አንድ ነገር እንጨምር። ልጅ ሳለ ባልቲሞር ከተማ ወደሚኖሩ ሰዎች ቤት ተላከ። የቤቱ እመቤት ፊደል ጀመረችለት፤ ባሏ ደርሶ ከለከላት። ያን ጊዜ ልጁ ዘዴ ፈጠረ። በዚያ ቤት እንጀራ አይነፈገውም ነበርና ሲላክ ዳቦ በኪሱ እየያዘ ይወጣል፤ መንገድ ላይ ለሚያገኛቸው የተራቡ ድሆች ነጭ ልጆች ዳቦውን ይሰጣቸዋል፤ እነሱ በምላሹ ማንበብ ያስተምሩታል። ቁራሽ ለፊደል! ክፍል ውስጥ ይህን ስንናገር አንድ ተማሪ፣ “ቲቸር፣ ርካሽ ነው የገዛው” ብሎ አሳቀን።

ርካሽ ግን አልነበረም። በብዙ የደቡብ ግዛቶች በባርነት ያለን ሰው ፊደል ማስተማር በሕግ የተከለከለ ነበር። ደቡብ ካሮላይና በ1740 መጻፍ ማስተማርን ከለከለች። ሰሜን ካሮላይና በ1830፣ ቨርጂኒያ በ1831፣ አላባማ በ1832 ሕግ አወጡ። በአላባማ ቅጣቱ ከ250 እስከ 500 ዶላር ነበር፤ በዚያን ጊዜ ገንዘብ ይህ ትልቅ ሀብት ነው። እንግዲህ ወጥ ቤቱን አስቡት። እመቤቲቱ የምግብ መጽሐፍ አላት፤ መጋገር ግን አትችልም ወይም አትፈልግም። ምግብ አብሳይዋ መጋገር ትችላለች፤ ማንበብ ግን ተከልክላለች። እመቤቲቱ ጮክ ብላ ታነባለች፣ አብሳይዋ ሰምታ ትሠራለች፣ በእጇ ታሻሽለዋለች፣ በአእምሮዋ ትይዘዋለች። ቀኑ ሲደርስ ለልጇ በእጅ ታስተላልፋለች። መጽሐፉ ላይ የሚታተመው ስም ግን የእመቤቲቱ ነው። ለዚህ ነው “ይህን ብስኩት ማን ፈለሰፈው?” ለሚለው ጥያቄ አንድ ስም መጥራት የማይቻለው።

ፊደል ያወቁም ቢሆኑ ነጻ አልሆኑም። ጄምስ ሄሚንግስ የፕሬዚዳንት ቶማስ ጄፈርሰን ባሪያ ነበር። ጄፈርሰን በ1784 ወደ ፓሪስ ይዞት ሄዶ የፈረንሳይ ምግብ አሠራር አስተማረው። በ1793 በተጻፈ ስምምነት ነጻ የሚወጣው ሙያውን ለሌላ ሰው ካስተማረ በኋላ እንደሚሆን ተነገረው። ያስተማረው የገዛ ወንድሙን ፒተርን ነው። ጄምስ በ1796 ነጻ ወጣ፤ ፒተር በወጥ ቤቱ ቀረ። በጄምስ እጅ የተጻፈ የወጥ ቤት ዕቃ ዝርዝር እስከ ዛሬ አለ። እኛ መምህራን የሆንን ሰዎች ይህን ስናነብ ዝም ብለን ቆየን። ወንድምህን አስተምረህ፣ በእሱ ቦታ ትተኸው መውጣት!

አሁን ወደ ሊጡ እንመለስ፤ የሳይንስ መምህራንም ጆሮ ስጡን። ከ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በፊት እንደ ኬክ ያለ ነገር የሚነፋው በእርሾ ወይም በክንድ ነበር። በክንድ ማለታችን እንቁላሉን ረጅም ሰዓት መምታት ነው። ሊጡን በዱላ ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ የሚቀጠቅጡበት የብስኩት ዓይነትም ነበር። መቺው ማን እንደነበር መናገር አያስፈልግም። ከዚያ አመድ መጣ። የእንጨት አመድ በውኃ ይጣራል፣ ውኃው ተፍልቶ ይደርቃል፣ የቀረው ተቃጥሎ ይጠራል፤ ነጭ ዱቄት ይወጣዋል። በኬሚስትሪ ስሙ ፖታሲየም ካርቦኔት ነው። አሬራ ወይም ሌላ ኮምጣጣ ነገር ሲነካው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል፤ ሊጡም ይነፋል። አሚሊያ ሲመንስ በ1796 ያሳተመችው፣ በአሜሪካዊ ሰው ተጽፎ በዚያው አገር የታተመ የመጀመሪያው የምግብ መጽሐፍ ይህንን የአመድ ዱቄት ይጠቀማል። ከ1846 ጀምሮ ደግሞ ቸርችና ድዋይት የተባሉ ሁለት ሰዎች በኒውዮርክ ቤኪንግ ሶዳ እያሸጉ መሸጥ ጀመሩ። በ1856 ኤበን ሆርስፎርድ የተባለ የኬሚስትሪ ሊቅ ኮምጣጣው አብሮ ለሚገባበት ዱቄት የፈጠራ መብት አገኘ፤ ዛሬ ቤኪንግ ፓውደር የምንለው ወገን ነው። ከዚህ በኋላ ቲ ኬክ በደቂቃዎች የሚቦካ የድሃ ቤት ነገር ሆነ።

ጣፋጩም የራሱ መንገድ አለው። ነጭ ስኳር የሚመጣው ከሸንኮራ አገዳ ነው፤ በሉዊዚያና የአገዳ እርሻ ላይ የባሪያ ሥራ እጅግ ከባድ ከሚባሉት አንዱ ነበር። ከ1861 እስከ 1865 በሰሜንና በደቡብ መካከል ጦርነት ሲሆን ስኳር ጠፋ። ያን ጊዜ ሕዝቡ ፊቱን ወደ ጣፋጭ ማሽላ አዞረ። አገዳውን ጨምቀው፣ ጭማቂውን በሰፊ ድስት አፍልተው ጥቁር ቡናማ ሽሮፕ ያወጣሉ። ይህ ጣፋጭ ማሽላ እኛ ጥንቅሽ የምንለው ዘመድ ነው! ልጆች ሆነን ከማሳ ሰብረን፣ በጥርሳችን ልጠን የመጠጥነው። አሜሪካ የገባው በ1850ዎቹ ሲሆን አንዱ ዓይነት ከቻይና በፈረንሳይ በኩል፣ ሌሎቹ ደግሞ ከደቡብ አፍሪካ ናታል ነው። የማሽላ ዘር ሁሉ አገሩ ግን ወደኛ ነው፤ ሰው መጀመሪያ ያላመደው በሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ነው፤ በምሥራቅ ሱዳን ከሰላ አካባቢ ከ5000 ዓመት በላይ የቆየ ማስረጃ ተገኝቷል። የሱዳን ተማሪዎቻችን ይህን ሲሰሙ አጨበጨቡ፤ የኛዎቹ ደግሞ “ሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ከተባለ እኛም አለንበት” ብለው ክርክር ገጠሙ። ደወል ባይደወል ኖሮ አያልቅም ነበር።

አሁን ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ወዳስገደደችን ሴት እንምጣ። ማሊንዳ ረስል ትባላለች። የተወለደችው በምሥራቅ ቴነሲ ግዛት ነው፤ የእናቷ ቤተሰብ ነጻ የወጣ ስለነበር እሷም ነጻ ሆና ነው የተወለደችው። በ19 ዓመቷ ወደ አፍሪካ፣ ወደ ላይቤሪያ ለመሄድ ተነሳች። ከአሜሪካ ነጻ የወጡ ጥቁሮች ከ1820ዎቹ ጀምሮ ወደዚያ ይሻገሩ ነበር። መንገድ ላይ አብሯት ይጓዝ የነበረ ሰው ገንዘቧን ሰረቃት። ጉዞው ቀረ፤ ቨርጂኒያ ውስጥ ምግብ አብሳይ ሆና ተቀጠረች። ፋኒ ስቱዋርድ ከተባለች የቨርጂኒያ ጥቁር አብሳይ ሙያ ተማረች። (የመምህሯን ስም መጻፏን ልብ በሉ። ስንቶቻችን ነን ያስተማረችንን ሴት ስም የምንጽፈው?) አገባች፣ ባሏ ከአራት ዓመት በኋላ ሞተ፣ አንድ እጁ የማይሠራ ልጅ ይዛ ቀረች። ልብስ አጠበች። ወደ ቴነሲ ተመልሳ እንግዳ ማረፊያ ከፈተች፤ ከዚያም ለስድስት ዓመት ያህል የኬክ ቤት አስተዳደረች። በላቧ ገንዘብ አጠራቀመች።

ጥር 16 ቀን 1864፣ ጦርነቱ በተፋፋመበት ጊዜ፣ ሽምቅ ተዋጊዎች ቤቷ ገብተው ያጠራቀመችውን ሁሉ ዘረፏት፤ ማንነታችንን ብትናገሪ እንገልሻለን አሏት። ልጇን ይዛ ሸሸች። በመንገድም ደጋግመው አጠቋት። ሚቺጋን ጥሩ አገር ነው ሲባል ሰምታ ፓው ፓው ወደምትባል ትንሽ ከተማ ደረሰች፤ ሐሳቧ ሰላም እስኪወርድ እዚያ መቆየት ነበር። እዚህ ላይ ማቆም እንችል ነበር፤ ምክንያቱም አንባቢዎቻችን ይህን ታሪክ ከነዝርዝሩ ያውቁታል። ስሙና አገሩ ብቻ ነው የተለየው።

ግን ልዩነቱ ቀጥሎ ያለው ነው። በእጇ ምንም ስላልቀረ፣ በራሷ ውስጥ የቀረውን አወጣች። በግንቦት 1866 ከ250 በላይ የምግብ አሠራር የያዘ 39 ገጽ መጽሐፍ አሳተመች። የበዛው የኬክና የጣፋጭ አሠራር ነው። መግቢያው ላይ የሕይወት ታሪኳን አጠር አድርጋ ጻፈች፤ መጽሐፉን የምትሸጠው ወደ አገሯ ቴነሲ ተመልሳ ከንብረቷ የተወሰነውን ለማስመለስ ገንዘብ እንዲሆናት መሆኑንም በግልጽ ተናገረች። አሠራሮቹ በጣም አጭር ናቸው። የሚገባውን ነገር ትዘረዝራለች፤ ምን ያህል እሳት፣ ምን ያህል ሰዓት አትልም። የምትጽፈው እጁ ለሚያውቅ ሰው ነው።

ይህ መጽሐፍ ከመቶ ዓመት በላይ ከሰው ዓይን ጠፍቶ ቆየ። በ2000 ዓመተ ምሕረት ገደማ አንድ ቅጂ በጃን ሎንጎን እጅ ገባ። እሷም የድሮ የምግብ መጻሕፍት ተመራማሪ ስለነበረች ምን እንደያዘች ወዲያው ገባት፤ በጥቁር አሜሪካዊት ሴት የተጻፈ፣ እስካሁን ከታወቁት ሁሉ የመጀመሪያው የምግብ መጽሐፍ። ያ ቅጂ በሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ክሌመንትስ ቤተ መጻሕፍት ተቀመጠ፤ በ2007 እንዳለ ተባዝቶ ታተመ። ያቺ አንዲት ቅጂ እንደ አሮጌ ወረቀት ተቀዳዳ ቢሆን ኖሮ ማሊንዳ ረስልን የሚያውቅ ባልኖረ ነበር።

ከዚያ በፊት የመጀመሪያዋ ተብላ ትታወቅ የነበረችው አቢ ፊሸር ናት። ደቡብ ካሮላይና ተወልዳ፣ በባርነት አድጋ፣ ከነጻነት በኋላ ከአላባማ እስከ ካሊፎርኒያ ያለውን ረጅም መንገድ ተሻግራ ሳን ፍራንሲስኮ ገባች። 11 ልጆች ወልዳለች። ማንበብና መጻፍ አትችልም ነበር። ሆኖም ምግቧን የቀመሱ የከተማው ሴቶች መጽሐፍ እንድታወጣ ለመኗት። እሷ እየተናገረች ሌሎች እየጻፉ በ1881 መጽሐፏ ታተመ። አሠራሩን የምትነግራቸው በእፍኝና በቁንጥር ሳይሆን አይቀርም፤ ጸሐፊዎቹም ደጋግመው ሳይጠይቋት አልቀሩም። ይህን ግምታችንን ያጠናከረው ኋላ የምንነግራችሁ የራሳችን ገጠመኝ ነው።

ስለ ቀሪው ዘመን በአጭሩ። ሰኔ 19 ቀን 1865 በቴክሳስ ጋልቨስተን ከተማ ባርነት ማብቃቱ ታወጀ፤ ይህ ቀን በ2021 የመላው አሜሪካ በዓል ሆኗል፤ በዚያ በዓል ገበታ ላይ ቲ ኬክ የሚያቀርቡ ቤተሰቦች ዛሬም አሉ። ከ1910ዎቹ እስከ 1970 ድረስ 6 ሚሊዮን ያህል ጥቁሮች ደቡብን ለቀው ወደ ቺካጎ፣ ዲትሮይት፣ ኒውዮርክና ሎስ አንጀለስ ተሰደዱ። በመንገድ ያሉ ምግብ ቤቶች ጥቁርን ስለማያስተናግዱ ስንቃቸውን፣ የተጠበሰ ዶሮና ኬኩን፣ በጫማ ካርቶን ይዘው ነበር የሚሳፈሩት። ዞራ ኒል ኸርስተን በ1937 ባሳተመችው ልብ ወለድ ውስጥ ተወዳጁ ወንድ ገጸ ባሕርይ ቅጽል ስሙ ቲ ኬክ ነው፤ እኛ “ማሬ” እንደምንለው ያለ ነው። ቀስ በቀስ ግን የፋብሪካ ብስኩት ረከሰ፣ ቲ ኬክም የአያቶች ነገር ሆነ። አያት ሲሞቱ አሠራሩም አብሮ የተቀበረባቸው ቤቶች ጥቂት አይደሉም።

ታሪኩን ካወቅን ዘንድ ሳንሞክረው አንቀርም ብለን ከታሪክ ክበብ ተማሪዎች ጋር ሠራነው። ምድጃ ኦቨን የለንም፤ የድሮዎቹም አልነበራቸውም። እነሱ የሚጋግሩት እግር ባለው ወፍራም ብረት ድስት ነው፤ ከሥሩ ፍም፣ ከክዳኑም ላይ ፍም። እናቶቻችን ድፎ ዳቦ ሲጋግሩ ከላይም ከታችም እሳት እንደሚያደርጉት ማለት ነው። እንግዲህ እንግዳ ነገር አይደለም።

ሦስት ኩባያ ፉርኖ ዱቄት፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ ቁንጥር ጨው አንድ ላይ ነፋን። በሌላ ዕቃ ግማሽ ኩባያ ቅመም ያልገባበት ቅቤ ከአንድ ኩባያ ስኳር ጋር እስኪነጣ መታን። (ቅቤ ከሌለ የራሽን ዘይት ይሆናል፤ ግን ሲሶ ኩባያ ይበቃል፤ አለበለዚያ ሊጡ ይፈሳል።) ሁለት እንቁላል አንድ በአንድ ጨመርን። ሩብ ኩባያ አሬራ ያስፈልጋል፤ አላገኘንም፤ የዱቄት ወተት በጥብጠን ጥቂት ሎሚ ጠብ ስናደርግበት ረጋ፤ ሠራ። ገውዝ ሱቅ ውስጥ ብናገኝም ዋጋው አልቀመስ ስላለን በኮረሪማ ተካነው። የጆርጂያዋ ሴትዮ ይቅር ይበሉን። ዱቄቱን ቀስ እያልን አስገብተን፣ ብዙ ሳናሸው፣ ግማሽ ሰዓት በእርጥብ ጨርቅ ሸፍነን አሳረፍነው። ብዙ ካሹት ይደርቃል። ከዚያ የትንሽ ጣት ውፍረት ያህል ዳምጠን በሻይ ብርጭቆ አፍ ቆረጥነው።

የመጀመሪያው ዙር ተበላሸ። ፍሙን ሁሉ ከሥር አድርገነው ታችኛው ከሰለ፣ ላይኛው ሊጥ ሆኖ ቀረ። አንዷ ተማሪያችን፣ “ዳቦ ስትጋግሩ አይታችሁ አታውቁም እንዴ?” ብላ ድስቱን ተረከበችን። ድስቱ ውስጥ ሁለት ጣት የሚሆን ደረቅ አሸዋ አፈሰሰች፣ በላዩ የቆርቆሮ ሳህን አስቀመጠች፣ ከሥር ጥቂት ፍም፣ ከክዳኑ ላይ የዚያን እጥፍ። በ12 ደቂቃ ገደማ ዳር ዳሩ ቡናማ ሲሆን አወጣችው። ትኩስ ሳለ ለስላሳ ነው፤ ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል፤ ስለዚህ “አልበሰለም” ብላችሁ እንዳታቆዩት። ይህን ስትሞክሩ ደጅ ላይ፣ ከላስቲክና ከሣር ጣሪያ ራቅ ብላችሁ ይሁን። ማገዶም ውድ ስለሆነ ሻይ በተፈላበት ፍም ላይ ብትሠሩት ይሻላል። 26 ብስኩት ወጣን። ስንት እንደተረፈ አትጠይቁን።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ። የልጅቷን አክስት አገኘናቸው። ደብዳቤውን አነበብንላቸው፤ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉና “እሱ እኮ የእኅቴ እጅ ነው፤ የኔ አይደርስበትም” አሉ። ልኩን ስንጠይቃቸው፣ “የምን ልክ? እጅ ያውቀዋል እንጂ!” አሉን። ስለዚህ በማግስቱ ዱቄት፣ ዘይት፣ በርበሬና ስኳር ይዘን ሄድንና እንዲሠሩልን ለመንናቸው። እሳቸው እፍኛቸውን ሞልተው ወደ ገበታው ሊያፈሱ ሲሉ፣ እኛ “እማማ ቆይ!” እያልን ኩባያ እንደቅናለን። በጣም ሳቁብን። ስምንት እፍኛቸው አራት ኩባያ ሆነ። በርበሬው የሾርባ ማንኪያ ከግማሽ፣ ስኳሩ ሦስት የሾርባ ማንኪያ፣ ዘይቱ ከሩብ ኩባያ ትንሽ ከፍ ይላል፤ ውኃው “ሊጡ እጅ እስኪለቅ” ነው፤ እሱን በምንም ልንለካው አልቻልንም፤ እንዲሁ በቃላቸው ጻፍነው። ሊጡን እንደ ጣት አድበልብለው፣ በጥፍር ልክ ቆራርጠው፣ በምጣድ ላይ ሳያቋርጡ እያገላበጡ ቆሉት። ቤቱ ሁሉ ሸተተ፤ የጎረቤት ልጆች በሩን ሞሉት።

ማታ ላይ የጻፍነውን በንጹሕ ወረቀት ገልብጠን፣ ፖስታው ከመታሸጉ በፊት አምጡና አንብቡልኝ ባሉን መሠረት ወስደን አነበብንላቸው። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው እስከ መጨረሻው ሰሙን። ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ።

“ጨው ረስታችኋል” አሉ።

ጨው ጨመርንበት።